የሱሮባላ ስም በስልኩ ላይ

በወንዙ ዳር የቆመው የውኃ መለኪያ ምሰሶ ከእኔ በር አርባ እርምጃ ይርቃል፤ ከሱሮባላ ሞንዳል ቤት ደግሞ ስልሳ። እኔ የግድቡን የውኃ በር ሠላሳ አንድ ዓመት ከፍቼ ዘግቻለሁ። ሱሮባላ ምሰሶውን አሥራ አንድ ዓመት አንብባለች። እርስ በርሳችን የማንተዋወቅበት ነገር ትንሽ ነው። የማንነጋገርበት ግን ብዙ ነው።

ምሰሶው ነጭ የተቀባ እንጨት ነው። በየሳንቲ ሜትሩ ቀጭን ጥቁር መስመር፣ በየአምስቱ ረጅም መስመር፣ በየአሥሩ ቁጥር አለው። አንባቢው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ በየሦስት ሰዓቱ፣ የወንዙን ደረጃዎች ወርዶ ውኃው የደረሰበትን ያያል። በቀን አምስት ጊዜ ማለት ነው። ድሮ በደብተር ይጻፍ ነበር። ከሁለት ዓመት ወዲህ የውኃ ቢሮው ለየአንባቢው ስልክ ሰጠ። ቁጥሩ ስልኩ ውስጥ ባለው አፕ ላይ ይጻፍና ኩልና ከተማ ወዳለው ቢሮ ይሄዳል።

በቾይትሮ ወር ማለቂያ፣ ዝናቡ ገና ሳይጀምር፣ ሱሮባላ ከደረጃው ላይ ወደቀች። ጭቃ አልነበረም። ዕድሜ ነው። ዳሌዋ ተሰበረ። ሐኪሙ የራጁን ፎቶ ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየና ልጇን ፖሪቶሽን "ወደ ቤት ውሰዳት" አለው። ሐኪም እንዲህ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ እዚህ ሁሉም ሰው ያውቃል። ፖሪቶሽ እናቱን በጀልባ መለሳት። ሳምንት ቆይቶ ወደሚሠራበት ወደብ ሄደ። ቤቱ ለሱሮባላና ለምራቷ ለቢቲካ ቀረ።

ቢቲካ ከተዳረች ዓመት ከመንፈቋ ነበር። አሥረኛ ክፍል ጨርሳለች። ቢሮው ደብዳቤ ላከላት፤ እኔ በር ላይ ቆማ አነበበችልኝ። ዘጠና ቀን በራሷ ስም ካነበበች ሥራው የእሷ ይሆናል። ካላነበበች ለሌላ ሰው ይሰጣል። ከታች የመግቢያ ቁጥርና የይለፍ ቃል ተጽፎላታል። ያ ሥራ ለዚያ ቤት ምን እንደሆነ ለመንደሩ ሰው አይነገርም። ፖሪቶሽ ከወደቡ የሚልከው በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። ሩዝ የሚበላው ግን በቀን ሁለት ጊዜ ነው።

ዘጠናውን ቀን አየኋት። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ ማየት ነው። ቢቲካ እስከ መጨረሻው ደረጃ ትወርዳለች። ቁጢጥ ብላ ጀልባ ያስነሣው ሞገድ እስኪያልፍ ትጠብቃለች። ከዚያ ግንባሯ ውኃውን ሊነካ እስኪደርስ ታጎነብሳለች። ዝናቡ ሲጀምር ስልኩን በፕላስቲክ ከረጢት አድርጋ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። ሦስት ቀን ውኃው ደረጃዎቹን ሁሉ ሲውጣቸው እስከ ወገቧ ገብታ አነበበች። በዘጠና ቀን ውስጥ አንድ ቀን አሥር ደቂቃ ዘገየች። ያን ቀን አማቷን እያጠበች ነበር።

ዘጠናው ቀን ሲያልቅ፣ በአሻርህ ወር መጨረሻ ገደማ፣ የቢሮው ሹም ሞታሌብ በሞተር ጀልባ መጣ፤ እኛ ሳሄብ፣ ጌታዬ፣ እንለዋለን። ከእሱ ጋር አንድ ቀጭን ወጣት ነበር፤ የኮምፒዩተር ቦርሳውን እንደ ዶሮ ሆዱ ላይ አቅፏል። ስሙ ኢምቲያዝ ነው። አፑን የሠራው እሱ ነው ተባለ። ከሱሮባላ ቤት አጠገብ ባለው የውኃ በር ጥላ ሥር አስቀመጥኳቸው። የመንደሩ ሰውም ሳይጠራ መጥቶ ቆመ። ቢቲካ የሳሪዋን ጫፍ ወደ ግንባሯ ስባ ከፊታቸው ቆመች።

ሞታሌብ ሳሄብ ቸኩሎ የሚናገር ሰው ነው። ጉቦ ግን አይበላም። ይህን ማለት ይገባኛል።

"ቢቲካ ሞንዳል አንቺ ነሽ?"

"ነኝ።"

"በስምሽ ስንት ንባብ እንዳለ ታውቂያለሽ?"

አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ስልክ ያዘች።

"ባዶ! በዘጠና ቀን አንድም የለም። በአማትሽ ስም ግን አራት መቶ ሃምሳ አለ። አማትሽ ደግሞ ዳሌዋ ተሰብሮ ተኝታለች፤ የሐኪሙ ወረቀት እኔ ዘንድ ነው። እንግዲህ ንገሪኝ። ወደ ወንዙ የሚወርደው አልጋዋ ነው?"

"አልጋውማ አራት እግር አለው፣ ሳሄብ" አለ ከኋላ አንዱ። ሰዎች ሳቁ።

ሞታሌብ ሳሄብ አልሳቀም። "ቤት ተቀምጣችሁ ቁጥር እየፈጠራችሁ ትልካላችሁ። አይቼዋለሁ። ባለፈው ዓመት አንዱ ከገበያ ሻይ ቤት ሆኖ ወንዝ ሲያነብ ነው የያዝኩት።"

"እኔ አንብቤያለሁ" አለች ቢቲካ።

"ታዲያ በስምሽ ለምን አልገባሽም?"

መሬት መሬት አየች። ሰዎች ተንሾካሾኩ።

ኢምቲያዝ ጉሮሮውን ጠረገ። "ቦውዲ፣ ስልኩን ልየው?" አላት፤ የወንድም ሚስት እንደሚጠራ።

ከአንገቷ አውጥታ ሰጠችው። ሲከፍተው ምንም አልጠየቀውም። ወዲያው የቁጥር መጻፊያው ወጣ። ከላዩ "ሱሮባላ ሞንዳል ገብተዋል" ይላል።

"ይኸውና፣ ሳሄብ" አለ። "ስልኩ ውስጥ አንዲት ምልክት አስቀምጫለሁ። ሰው አንዴ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ካስገባ ምልክቷ 'ገብቷል' ትላለች። ከዚያ ወዲህ አፑ በተከፈተ ቁጥር የሚያየው እሷን ብቻ ነው። 'ገብቷል' ካለች ያሳልፋል። 'አልገባም' ካለች ስም ይጠይቃል።"

"ስልኩን የያዘው ማን እንደሆነ አያይም?"

"አያይም።"

"ምን ዓይነት አሠራር ነው ይሄ?"

"ኔትወርክ የለማ፣ ሳሄብ! ዛሬ ስንመጣ ስልኬ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሞቶ ነበር። በየንባቡ የይለፍ ቃል ብጠይቅ፣ ከቢሮ መልስ እስኪመጣ ወንዙ ሌላ ወንዝ ሆኖ ይጠብቃል።"

እኔ ቀና ብዬ ቆርቆሮዋን አየሁ። በውኃ በሩ መዘውር አጠገብ አንዲት ቆርቆሮ ተንጠልጥላለች። በአንድ ፊቷ ቀይ ናት፤ በሩ ተከፍቷል ማለት ነው። በሌላው ነጭ ናት፤ ተዘግቷል። በሩን የነካ ሰው ቆርቆሮዋን ያገላብጣል። የሚቀጥለው ሰው ቆርቆሮዋን አይቶ ያልፋል። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በአንድ ሙላት ቆርቆሮዋ ነጭ ነበረች። በሩ ግን ሁለት ስንዝር ክፍት ነበር። የአሥራ አንድ ቤት የሩዝ ማሳ ከባሕር የሚመጣ ጨው ውኃ ገባበት። ማን እንዳገላበጣት አልታወቀም ተባለና ታለፈ። እኔ ከዚያ ወዲህ ቆርቆሮዋን አላምንም። እጄን ብረቱ ላይ አደርጋለሁ።

"የገባውን ሰው ማውጣቱ ቀላል ነው" አለ ኢምቲያዝ። "እዚህ ሲነካ ይጠይቃል።" ነካውና ጮክ ብሎ አነበበ። "'ሱሮባላ ሞንዳል የሚለው ስም ከዚህ ስልክ ላይ ይሰረዛል። ይሰረዝ?' አዎ፣ አይ። አሁን 'አዎ'ን ስነካ…"

ቢቲካ ስልኩን ከእጁ ነጠቀችው።

ሴት ልጅ ከእንግዳ ወንድ እጅ ነገር ስትነጥቅ እዚህ አይታይም። ራሷም ደነገጠች። ስልኩን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ያዘች።

"አየህ?" አለ ሞታሌብ ሳሄብ ወደ ኢምቲያዝ ዞሮ። "የምትደብቀው አላት።"

የመንደሩ ሰው ግን ሳቁን ተወ። አንዲት አሮጊት ምላሷን ጠቅ አደረገች። እኛ ገብቶናል። በእኛ ዘንድ የሕያው ሰው ስም አይሰረዝም። ልጅ ዳካ ሄዶ ሃያ ዓመት ቢቀመጥ ስሙ በቤቱ የራሽን ካርድ ላይ ይቆያል። ስም የሚሰረዘው አስከሬኑ ከተቃጠለ በኋላ ነው፤ ያውም በታላቁ ልጅ እጅ። ሐኪም "ወደ ቤት ውሰዳት" ያላትን ሴት ስም፣ ያውም ምራቷ፣ ያውም ሥራዋን የምትወስደው ምራቷ።

ቢቲካ ለሹሙ ሳይሆን፣ ካካ፣ አጎቴ፣ ለምትለኝ ለእኔ ተናገረች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር።

"ካካ፣ ያን ሳምንት እማ እህል አትቀምስም ነበር። በስሜ ልገባ ብዬ ስነካው፣ ይሰረዝ ወይ አለኝ። እንዴት ብዬ አዎ ልበል? አይ አልኩ። ቁጥሩ ግን አለፈልኝ። ቁጥሩ ካለፈ ምን ቸገረኝ አልኩ።"

"በማግስቱስ?"

"በማግስቱም ያንኑ ጠየቀኝ። አይ አልኩ። ከዚያ ወዲያ መንካቱንም ተውኩት።"

ኢምቲያዝ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ። "ጥያቄውን የጻፍኩት እኔ ነኝ" አለ። "ሰው ሳያውቅ ነክቶት እንዳይወጣ ብዬ ነው ስም የጨመርኩበት። በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው የጻፍኩት።"



ሞታሌብ ሳሄብ ወደ ስልኩ አመለከተ። "እሺ፤ በስሟ ያልገባችበት ምክንያት ይሄ ይሁን። ያነበበችው እሷ መሆኗን ግን አያሳይም። ምልክቷ ሱሮባላ ትላለች። እኔ ከምልክቷ ውጪ ምን ይዤ ነው የምፈርመው?"

"እኔ አይቻለሁ" አልኩ።

"ካካ፣ እርስዎ ጎረቤት ነዎት። ለጎረቤት ሲሉ ላሟን ፍየል ናት ይላሉ። የተጻፈ ነገር አለዎት?"

"ዓይን እንጂ ደብተር የለኝም።"

"እንግዲህ ዓይን አይታተምም።"

ኢምቲያዝ ኮምፒዩተሩን ጉልበቱ ላይ ከፍቶ ቁጥሮቹን እየገፋ ወደ ታች ይሄድ ነበር። ጣቱ ቆመ። ወደ ላይ መለሰው። እንደገና ወደ ታች። ምን እንዳገኘ ሳይናገር አወቅኩ።

ሱሮባላ ካለፉት አምስት ዓመታት ወዲህ ከአራተኛው ደረጃ በታች አትወርድም ነበር። እዚያ ቆማ እጇን ግንባሯ ላይ ትጋርዳለች፣ ታያለች፣ ትመለሳለች። የዓይን ሞራ አለባት። ቀጫጭኖቹ መስመሮች ከዚያ አይታዩም። አውቅ ነበር፤ አልተናገርኩም። እሷም የእኔን ታውቃለች። ያን የጨው ዓመት ቆርቆሮዋን ሳገላብጣት ደረጃው ላይ ዕቃ እያጠበች አይታኛለች። በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን አላነሣችብኝም።

"ሳሄብ፣ ይዩት" አለ ኢምቲያዝ። "እስከ ቾይትሮ ሃያ ስድስት የመጨረሻው አኃዝ ወይ ዜሮ ነው ወይ አምስት። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሁልጊዜ። መቶ ሰማንያ፣ ሁለት መቶ አምስት፣ ሁለት መቶ አርባ። ከሃያ ዘጠኝ ጀምሮ ግን ይዩ፤ ሁለት መቶ አርባ ሦስት፣ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት፣ መቶ ዘጠና አንድ። ይሄ ሌላ ዓይን ነው። ምልክቷ አንድ ሰው ትላለች፤ ቁጥሮቹ ሁለት ሰው ናቸው።"

በልጁ ፊት ላይ ደስታ ነበር። መውጫ ያገኘላት መስሎታል። ሞታሌብ ሳሄብ መነጽሩን አድርጎ ረጅም ጊዜ አየ። ፊቱ ግን አልተፈታም።

"እንግዲያው የሱሮባላ ንባብ ሁሉ…" አለና ቃሉን ሳይጨርስ ብዕሩን አወጣ። "ይሄማ መመዝገብ አለበት።"

ያን ጊዜ ነው ኢምቲያዝ ያደረገው የገባው። በሱሮባላ ቤት ግድግዳ ላይ ከባሏ ፎቶ አጠገብ በመስተዋት የተከደነ የምስክር ወረቀት አለ። ለአሥር ዓመት የታመነ አገልግሎት ይላል። የሰጣት ይኸው ቢሮ ነው።

"አይደለም" አለች ቢቲካ።

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ።

"እማ በትክክል ነው ያነበበችው። ወንዙ እንደዚያ ሆኖላት ነው። ያልወረድኩት እኔ ነኝ። ቤት ሆኜ ነው የጻፍኩት። ከራሴ።"

"አሁን አንብቤያለሁ አልሽ አይደል እንዴ?"

"ዋሽቼ ነው።"

"ሥራውን እንደምታጪ ገብቶሻል?"

"ይቅርብኝ።"

የፕላስቲኩን ከረጢት በጣቷ እያጠፈች ትፈታው ነበር። እስከ ወገቧ ውኃ ውስጥ የቆመችባቸው ሦስት ቀናት በዓይኔ መጡ። አፌን ልከፍት ስል ከቤቱ ውስጥ ሱሮባላ ምራቷን ስትጠራ ጩኸቷ መጣ።

"ቡማ! እነዚያን ሰዎች ወዲህ በያቸው! የተሰበረው ዳሌዬ ነው፣ ጆሮዬ አይደለም!"

ገባን። ቤቱ ዝቅ ያለ ነው። ሞታሌብ ሳሄብ ጫማውን አውልቆ ጎንበስ ሲል ራሱ ከመቃኑ ጋር ተላተመ።

"ቁጭ በል ልጄ" አለችው ሱሮባላ ካልጋዋ። "ጣሪያው ከአውሎ ነፋስ የተረፈ ነውና በራስህ አታፍርሰው።" አጥንቷ ወጥቷል። ዓይኖቿ ግራጫ ናቸው። ድምጿ ግን ያው ነው። "ይቺ ልጅ ውሸቷን ነው። አትችልበትም፤ እናቷ በደንብ አላሠለጠነቻትም።"

"እማ…" አለች ቢቲካ።

"ዝም በይ። ስማኝ ሳሄብ። ከአምስት ዓመት ወዲህ ትንንሾቹ መስመሮች ለእኔ የሉም። ረጃጅሞቹን አያለሁ። ከሁለቱ ውኃው ወደ ቀረበው እጽፋለሁ። ወንዙም ቅር ብሎት አያውቅም።"

"ለምን አልተናገሩም?"

"ብናገር ሥራውን ለማን ልትሰጠው? ያን ጊዜ ቤቴ ምራት አልነበረችኝም።" ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። "ይህን ሽማግሌ ጠይቀው። ሁሉን ያያል፤ ምንም አይል። እንደ ጉጉት።"

ሞታሌብ ሳሄብ አየኝ። "ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ሌላ የምትጨምረው ነገር ካለ ብዬ ጠበቅኩ። ሱሮባላ ግን ስለ ቆርቆሮዋ አላነሣችም። እጇን ዘረጋች።

"ስልኩን አምጪ። አንተ ልጅ፣ ምን ብለህ ነው የጻፍከው? አንብብልኝ።"

ኢምቲያዝ እየተንተባተበ አነበበላት። "ሱሮባላ ሞንዳል የሚለው ስም ከዚህ ስልክ ላይ ይሰረዛል። ይሰረዝ?"

ሱሮባላ ሳቀች። ሳቁ ዳሌዋን አመማትና ጥርሷን ነከሰች። ሲያልፍላት እንደገና ሳቀች። "ሦስት ወር ሙሉ ይቺን መንካት አቅቶሽ ነው? ሞኝ ነሽ፣ ቡማ። እኔ ስልክ ላይ አልተወለድኩም።"

"እማ፣ እባክሽ ተይው። ሥራው ይቅር።"

"እና ምን ልትበዪ? ሹም ፊት የዋሸሽውን?" ወደ ልጁ ዞረች። "የቱ ጋ ነው አዎ የሚለው? ጣቴን አድርግልኝ። የሌላ እጅ ከሚሰርዘኝ የገዛ እጄ ይሰርዘኝ።"

አውራ ጣቷን አስቀመጠላት። ምንም አልሆነም። ደግማ ነካች። ምንም የለም። ሦስተኛ ጊዜ ነካች።

"ስልኩም ፈራ" አለ በሩ ላይ የቆመ አንድ ሰው፤ ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው።

"ጣትዎ ደርቆ ነው፣ ማሺማ" አለ ኢምቲያዝ፤ አክስት እንደሚጠራ። "ጥቂት ያርጥቡት።"

ሱሮባላ አውራ ጣቷን ምላሷ ላይ አድርጋ መልሳ ነካች። ስሙ ጠፋ። ባዶ ቦታ መጣ፤ ስም ያስገቡ ይላል።

ስልኩን ያየ ሰው አልነበረም። ሁሉም እሷን ያይ ነበር። ቢቲካ የአልጋውን እግር ይዛ ነበር። ከውጭ የአንድ ጀልባ ሞተር አልፎ እስኪሄድ ተሰማ።

"ምን ታፈጡብኛላችሁ?" አለች ሱሮባላ። "አለሁ። ቡማ፣ ሩዝ አለ? ርቦኛል።"

ቢቲካ በስሟ ለመግባት ኔትወርክ ስላልነበረ ግድቡ ላይ ወጣች። ስልኩን ወደ ላይ አንሥታ ወዲያና ወዲህ ስትል ሩብ ሰዓት ሆነ። በመጨረሻ የውኃ በሩ መዘውር አጠገብ፣ ቆርቆሮዋ ሥር፣ ገባላት። "ቢቲካ ሞንዳል ገብተዋል" የሚለውን ለእኔ ብቻ አሳየችኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ነበር። ሞታሌብ ሳሄብ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ደረጃውን ወረደ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ደረጃዎች በእጁ ተደግፎ ነው የወረደው። ምሰሶውን አየ። በቁራጭ ወረቀት ጽፎ አጠፈው። ከዚያ ለቢቲካ ቦታ ለቀቀላት። ቁጢጥ አለች። ሞገዱ እስኪያልፍ ጠበቀች። አጎነበሰች።

"ሁለት ሜትር ከሠላሳ ስምንት።"

ወረቀቱን ፈታ። ሁለት ሜትር ከሠላሳ ስምንት ይላል። ወረቀቱን መልሶ አጥፎ ኪሱ ከተተ።

"ሪፖርት እጽፋለሁ" አለ። ስለ ሱሮባላ ምን እንደሚጽፍ ማንም አልጠየቀውም። ወደ ጀልባው ሲሄድ ግን ለራሱ እንደሚናገር ሰው "የሁለት ሳንቲ ሜትር ስሕተት ግድብ አያፈርስም" አለ። ከዚያ ቆመና "ሦስት ግን ያፈርሳል" አለ። ሄደ።

ኢምቲያዝ ጀልባው እስኪነሣ ከእኔ ጋር ቆየ። ቆርቆሮዋን ቀና ብሎ ያይ ነበር። ምን እንደሆነች ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ስለ ጨው ዓመቱም ነገርኩት።

"ያገላበጣት ማን ነበር?" አለኝ።

"እኔ" አልኩ። ከዚያ በፊት ለማንም ብዬ አላውቅም። "ዘግቼ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር። መዘውሩ በመሐል ጠጠር ይዞት ኖሯል። ቆርቆሮዋ የምትነግርህ መጨረሻ ያገላበጣት ሰው ያሰበውን ነው። በሩን አይደለም።"

ልጁ ቆርቆሮዋን በጣቱ ገፋ አደረጋት። ተወዛወዘች።

"የእኔንም ምልክት ላወልቃት አልችልም" አለ። "ያለሷ እዚህ አይሠራም።"

"ማን አውልቅ አለህ? እጅህን ብረቱ ላይ አድርግ እንጂ።"

"እንዴት?"

"ሰው ጠዋት ሲመጣ ማን ነህ በለው። ስም ግን አትሰርዝ።"

ቦርሳውን ሆዱ ላይ አቅፎ ወደ ጀልባው ወረደ። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ተንሸራተተ፤ ቦርሳውን ግን አልለቀቀም።

በቀጣዩ ወር፣ በስራቦን፣ ደብዳቤው መጣ። ሥራው የቢቲካ ሆነ። ስለ አለፉት ዓመታት ንባብ በደብዳቤው ላይ ምንም አልተጻፈም። የሱሮባላ የምስክር ወረቀት ዛሬም ግድግዳው ላይ ነው። ከደብዳቤው ሦስት ሳምንት በኋላ አፑ ተለወጠ። አሁን በየንጋቱ ሲከፈት "ዛሬ የሚያነብ ማን ነው?" ይላል። ከሥሩ ሁለት ስም ይወጣል። የሱሮባላ ከላይ ነው፤ የቢቲካ ከታች። ቢቲካ የታችኛውን ትነካለች። ስሟን ስትነካ ከላይ ያለውን እንዳትነካው ጣቷን ከጎን እንደምታመጣ አይቻለሁ።

ሱሮባላ አልሞተችም። ዝናቡ አለፈ። ሐኪሙ ራሱ በዚያ ዓመት ተዛውሮ ሄደ። አልጋዋን ወደ መስኮቱ አስጠጉላት። ወንዙን አታየውም፤ ግን ትሰማዋለች። ቢቲካ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አንብባ ስትመለስ በመስኮቱ በኩል ቁጥሩን ትነግራታለች። እኔ ከበሬ ላይ ሆኜ እሰማለሁ።

"ሁለት ሜትር ከአርባ ሦስት፣ እማ።"

"አርባ አምስት።"

"አርባ ሦስት ነው እንጂ።"

"እስቲ ወንዙን ጠይቂው" ትላለች ከውስጥ። "ይልቅ እግርሽን ታጠቢና ግቢ።"